ዳር ቆሞ የሚያየው ተማሪ እንዴት ቀነሰ

በአንድ ክርስቲያን ትምህርት ቤት የስፖርት መምህር ሆኜ ስገባ ስፖርት ማለት የወንዶች እግር ኳስ ቡድን ማለት ነበር። ጥቂት ጎበዞች ይጫወታሉ፣ የቀረው ተማሪ ዳር ቆሞ ያጨበጭባል። ዛሬ መረብ ኳስ፣ ቅርጫት ኳስ፣ ሩጫና ጠረጴዛ ቴኒስ አለን። አብዛኛው ተማሪ በአንዱ ወይም በሌላው ይሳተፋል። ይሄ ግን ዋንጫ በማሳደድ የመጣ አይደለም።

መጀመሪያ ማሳመን የነበረብኝ ወላጆችን ነው። «ልጄን የላክሁት ቃለ እግዚአብሔር እንዲማር እንጂ ኳስ ሲያባርር እንዲውል ነው እንዴ?» የሚሉ ነበሩ። እውነቴን ነው፣ ጥያቄው አያስቀይምም። እኔም ስብከት ውስጥ አልገባሁም፤ ታሪኩን ነው የነገርኳቸው። ቅርጫት ኳስን እ.ኤ.አ. በ1891 የፈጠረው ጄምስ ኔይስሚዝ በወወክማ (በወጣት ወንዶች ክርስቲያናዊ ማኅበር) ማሠልጠኛ የሚያስተምር ሰው ነበር። ክረምት ላይ ቤት ውስጥ ተዘግተው የተሰላቹ ተማሪዎች አስቸግረውት ነው የኮክ ቅርጫት የሰቀለው። መረብ ኳስም ከአራት ዓመት በኋላ የተወለደው እዚያው ወወክማ ውስጥ ነው፤ ዊልያም ሞርጋን ቅርጫት ኳስ ለሚከብዳቸው ጎልማሶች ብሎ አወጣው። ይህን የሰሙ ወላጆች ቢያንስ ጆሮ ሰጡኝ።

የጀመርነው በሴቶች መረብ ኳስ ነው። ቦታ አይፈጅም፤ ሜዳው 18 በ9 ሜትር ነው። ሁለት ምሰሶ ተክለን መረብ ወጠርን። ችግሩ ሰርቩ፣ ማለትም ጨዋታ ማስጀመሪያው ምት፣ ነበር። ከመጨረሻው መስመር ሲመቱ ኳሱ መረቡ ጋ እንኳ አይደርስም። ልጆቹ ያፍራሉ፣ ይሳሳቃሉ፣ ከዚያ «ቲቸር፣ እኔ አልችልም» ይመጣል። ስለዚህ መረቡን ከሴቶች መደበኛ ቁመት፣ ከ2.24 ሜትር፣ ዝቅ አደረግኩት። ሰርቩንም ከሜዳው መሃል፣ መረቡ አጠገብ ማለት ይቻላል፣ አስጀመርኳቸው። በጣት ሳይሆን በመዳፍ ሥር ባለው ጠንካራ ቦታ መምታት፣ ኳሱን ወደ ላይ ብዙ አለመወርወር፣ በቃ። ኳሱ ደጋግሞ ያለፈላት ልጅ አንድ እርምጃ ወደ ኋላ ትሄዳለች። መቼ እንደምትሄድ የምትወስነው ራሷ ናት። እንዲህ እያሉ መስመሩ ላይ ደረሱ። ከዚያ ወዲህ ለማንኛውም ጀማሪ የማደርገው ይሄንኑ ነው፦ ልጁ ወደ ጨዋታው እስኪያድግ መጠበቅ ትቶ ጨዋታውን ወደ ልጁ ማውረድ። ለትንንሾቹ የእግር ኳስ ልጆችም አነስ ያለውን ቁጥር 4 ኳስ እንጂ የአዋቂዎቹን ቁጥር 5 አልሰጥም።

ቀጥሎ የመጣው የክፍል ለክፍል ውድድር ነው። ሕጉ አንድ ነው፦ ስሙ የተመዘገበ ሁሉ መጫወት አለበት፤ ተቀያሪ ሆኖ ውሎ ሳይጫወት ወደ ቤቱ የሚሄድ ልጅ የለም። ጎበዞቹ አኩርፈው ነበር፤ ማኩረፋቸው አልገረመኝም። ዳኝነቱን ለከፍተኛ ክፍል ተማሪዎች ሰጠናቸው። በነገራችን ላይ ፊሽካ የሰጠሁት አንድ ረባሽ ልጅ ለውጡን ያመጣው በእኔ ምክር አይደለም። ታናናሾቹ ሲጨቃጨቁት ነው ለካ እሱ ሲጨቃጨቅ ምን እንደሚመስል ያየው።

የእሑድ ጉዳይም ነበር። ትምህርት ቤታችን እሑድ አይጫወትም። ብዙ ሰው እዚህ ላይ ኤሪክ ሊደልን ያነሳል፤ እ.ኤ.አ. በ1924 የፓሪስ ኦሎምፒክ የ100 ሜትር ማጣሪያው እሑድ ስለዋለ ትቶ በ400 ሜትር ወርቅ የወሰደውን ሯጭ። እኔን የሚስበኝ ግን ሌላው ክፍል ነው። ሊደል መርሐ ግብሩን ከወራት በፊት አውቆ ለ400 ሜትሩ በደንብ ተዘጋጅቷል። የመጨረሻ ቀን ላይ አይደለም «አልሮጥም» ያለው። እኛም ከሌሎች ትምህርት ቤቶች ጋር ስንወዳደር የእሑድን ጉዳይ የምናነሳው ዕጣ ከመውጣቱ በፊት ነው። ቀደም ተብሎ ሲነገር አብዛኛው አዘጋጅ ያስተካክላል።

ጸሎትን በተመለከተ የራሴ አቋም አለኝ። ከጨዋታ በፊት «እንድናሸንፍ እርዳን» ብሎ መጸለይ አልወድም፤ በዚያኛው በኩል ያሉትም ልጆች ናቸው። የምንጸልየው ጨዋታው ሲያልቅ ነው፤ ፈቃደኛ ከሆኑ ከተጋጣሚዎቻችን ጋር አብረን። ስድስት ለዜሮ ከተሸነፉ በኋላ ካሸነፈህ ልጅ ጋር ክብ ሠርቶ መቆም ቀላል እንዳይመስላችሁ።

አሁን የቸገረን ቦታ ነው። ሜዳው አንድ፣ ቡድኑ ብዙ። ፕሮግራም አውጥተን ማክሰኞና ሐሙስ ትልቁ የእግር ኳስ ቡድን ሜዳውን ለታናናሾቹ ይለቃል። አምበሉ እስካሁን ያጉረመርማል፤ ኮኖቹን የሚደረድርላቸው ግን እሱ ነው።