ጎንደር ላይ ጤና ጣቢያ ካርድ ስታወጡ

ጤና ጣቢያ ስትሄዱ መጀመሪያ የምትገቡት ካርድ ክፍል ነው። መታወቂያ ያዙ፤ ስም ከነአባትና ከነአያት፣ ዕድሜ፣ ቀበሌና ስልክ ትጠየቃላችሁ። ስማችሁን መታወቂያው ላይ እንዳለው አስጽፉ። አንዴ «ኃይሉ»፣ አንዴ «ሀይሉ» ተብሎ ከተጻፈ ካርዱ ሲፈለግ ላይገኝ ይችላል፤ አዲስ ይወጣና የቀድሞው የግፊት ወይም የስኳር ክትትል እዚያው መደርደሪያ ላይ ይቀራል። ስለዚህ የካርድ ቁጥሩ ያለባትን ትንሽ ወረቀት አትጣሉ፤ በስልክም ፎቶ አንሷት።

የጤና መድን አባል ከሆናችሁ የታደሰውን ደብተር አሳዩ፤ ካልታደሰ ከኪስ መክፈል ይመጣል። ጎንደር ዩኒቨርሲቲ ሆስፒታል በመድን ለመታከም ከጤና ጣቢያው ሪፈር (ወደ ሆስፒታል የሚልክ ወረቀት) ያስፈልጋል። ወረቀቱ ላይ ማኅተሙን ሳታዩ አትውጡ፤ ለማኅተም ብሎ ከሆስፒታሉ ጤና ጣቢያው ድረስ መመለስ ለታመመ ሰው ከባድ ነው። ድንገተኛ ከሆነ ግን ሪፈር አትጠብቁ፣ በቀጥታ ድንገተኛ ክፍል ግቡ።