የሁለት ሰው የእሳት ማጥፊያ ጨዋታ ስሠራ ያንገላታኝ ቀይ ብልጭታ

በድሮዎቹ ባለ 16 ቢት ጨዋታዎች መልክ፣ ሁለት ሰዎች ጎን ለጎን ተቀምጠው የሚጫወቱት የእሳት ማጥፊያ ቪዲዮ ጌም ሠርቼ አውጥቻለሁ። ይህን የምጽፈው ተመሳሳይ ሥራ የጀመረ ሰው እኔ ያየሁትን እንግልት እንዳያይ ነው፤ አስቀድሞ የሚያስጠነቅቀኝ ሰው ባገኝ ኖሮ ብዙ ድካም በቀረልኝ ነበር።

መነሻዬ እ.ኤ.አ. በ1994 ሱፐር ፋሚኮም ለተባለው የኒንቴንዶ የጨዋታ መሣሪያ የወጣው «ዘ ፋየርመን» ነው። በዚያ ጨዋታ ተጫዋቹ የሚያንቀሳቅሰው እሳት አጥፊ ፒት ውሃ ይረጫል፤ ባልደረባው ዳኒ መጥረቢያ ይዞ አብሮት ይገባል፤ ዳኒን የሚያንቀሳቅሰው ግን ኮምፒውተሩ ነው። የዳኒን ቦታ ሰው ቢይዘው ምን ያህል ይጥም ነበር እያልኩ ኖሬያለሁ። ደግሞም ሁለት መሆን በዚህ ሙያ ጌጥ አይደለም፤ የአሜሪካ የሥራ ደኅንነት ደንብ ወደሚቃጠል ሕንፃ ቢያንስ ሁለት ሰዎች አብረው እንዲገቡ፣ ሁለት ደግሞ ውጭ ሆነው እንዲጠብቁ ያዛል።

ሥዕሉ፣ ድምፁ፣ ሜኑውና የጆይስቲኩ ጉዳይ ጊዜ ከመፍጀት በቀር አላስቸገሩኝም። የመጀመሪያ እርዳታ ሣጥን ለምትስሉ ብቻ አንድ ነገር ልበል፦ በነጭ ላይ ያለው ቀይ መስቀል በ1949ኙ የጄኔቫ ስምምነቶች የተጠበቀ ምልክት ስለሆነ አትጠቀሙበት፤ በአረንጓዴ ላይ ነጭ መስቀል ይበቃል።

የምኮራበት እሳቱ ነው። ማያ ገጹ 256 በ224 ፒክስል ሲሆን፣ እያንዳንዳቸው 16 በ16 በሆኑ 224 ካሬዎች ተከፍሏል። እያንዳንዱ ካሬ የራሱን ሙቀት፣ የሚቃጠል ነገርና ኦክስጅን ይይዛል፤ እሳቱም በእነዚህ ሦስቱ እየተመራ ከካሬ ወደ ካሬ ይዛመታል። አየር ያጠረው ክፍል በሩ በድንገት ሲከፈት ይፈነዳል፤ ስለዚህ አንዱ በሩን በጥቂቱ ገርበብ ሲያደርግ ሌላው ውሃውን ደግኖ መጠበቅ አለበት። ተጫዋቾች ይህን ማንም ሳይነግራቸው ደርሰውበት «ቆይ፣ እንዳትከፍተው!» ሲባባሉ ስሰማ ድካሜ ሁሉ ዋጋ እንዳገኘ ተሰማኝ።

ከዚያ በኋላ የመጣው ጨዋታዬን ለሽያጭ የማቀርብበት መድረክ የሚያደርገው ፍተሻ ነው፤ ዛሬም ሳስበው ደሜን ያፈላዋል። ጨዋታዬን የመለሱት «ከተፈቀደው በላይ ብልጭታ አለው» በሚል አንድ ዓረፍተ ነገር ነበር። በየትኛው ክፍል፣ በስንተኛው ደቂቃ፣ አንድ ሰው ሲጫወት ወይስ ሁለት ሲጫወቱ፣ አንዱንም አልጠቀሱም። የፈተኑበትን የቪዲዮ ቅጂ እንዲልኩልኝ ስጠይቅ መመሪያውን እንዳነብ ነገሩኝ። መመሪያው እያንዳንዱ ብርሃን በሴኮንድ ከሦስት ጊዜ በላይ ብልጭ እንዳይል ያዛል፤ በተጨማሪም መግቢያው ላይ ማስጠንቀቂያ እንዲጻፍ፣ በሜኑው ውስጥ ደግሞ ብልጭታውን መቀነሻ ምርጫ እንዲኖር ይመክራል። ሁሉም በጨዋታዬ ውስጥ ነበረ።

ደንቡን አልቃወምም፤ ፈጣን ብልጭታ በአንዳንድ ሰዎች ላይ የሚጥል በሽታ ስለሚያስነሳ እንዲያውም ከልቤ እደግፈዋለሁ። እ.ኤ.አ. ዲሴምበር 16 ቀን 1997 በጃፓን ቴሌቪዥን በታየ አንድ የካርቱን ዝግጅት ውስጥ ቀይና ሰማያዊ ብርሃን በፍጥነት ሲፈራረቅ ከ600 በላይ ተመልካቾች፣ አብዛኞቹ ልጆች፣ ወደ ሆስፒታል ተወስደዋል። የሚያናድደኝ ሰውን ከጉዳት ለመጠበቅ ነው የተባለ ፍተሻ ጉዳቱ የት እንዳለ ለሠሪው ለመናገር ፈቃደኛ አለመሆኑ ነው።

መጀመሪያ የጠረጠርኩት ነበልባሉን ነው፤ ሁሉም ካሬዎች በአንድ ቅጽበት ሥዕላቸውን ይቀይሩ ስለነበር፣ እያንዳንዱ በተለያየ ፍሬም (ማያ ገጹ ላይ በተከታታይ ከሚታዩት ምስሎች በአንዱ) እንዲጀምር አደረግሁና የማያ ገጹ ጠቅላላ ድምቀት ረጋ። እንደገና መለሱት፤ ያችው ዓረፍተ ነገር፣ አንድ ቃል እንኳ ሳይጨመርባት። ከዚያ ሁለት ሰዎች ሲጫወቱ ቀርጬ ፍሬም በፍሬም ማየት ጀመርኩ። ጥፋቱ ነበልባሉ ውስጥ ሳይሆን የሕንፃው ማንቂያ መብራት ላይ ነበር። መብራቱ በበራ ቁጥር ማያ ገጹን ሁሉ ቀይ ያለብሰዋል፤ በሴኮንድም ሁለት ጊዜ ብቻ ስለሚበራ ለብቻው ሲታይ ከደንቡ አይወጣም። ሁለቱ ተጫዋቾች ሲለያዩና እያንዳንዳቸው በየፊናቸው ማንቂያ ሲያስነሱ ግን የአንዱ መብራት በሌላው ክፍተት ውስጥ ይገባል፦ አንደኛው በ1ኛው ፍሬም፣ ሌላው በ16ኛው፣ አንደኛው እንደገና በ31ኛው፣ ሌላው በ46ኛው ይበራል። በአንድ ሴኮንድ 60 ፍሬም ስላለ ይህ አራት ብልጭታ ነው፤ ያውም ከቀለማት ሁሉ አደገኛ በሆነው ደማቅ ቀይ። መመሪያው ስለ እያንዳንዱ ብርሃን እንጂ ስለ ድምሩ አንድም ቃል አልተናገረም። ብቻውን የሚጫወት ሰው ደግሞ ይህን በፍጹም ሊያየው አይችልም።

መፍትሔው አጭር ኮድ ነበር። በሕንፃው ውስጥ ያሉ ማንቂያዎች ሁሉ ለአንድ ሰዓት ቆጣሪ እንዲታዘዙ፣ በሴኮንድ አንድ ጊዜ ብቻ እንዲበሩ፣ ቀለማቸውም ወደ ደብዛዛ ብርቱካናማ እንዲለወጥ አደረግሁ፤ አደጋውን የመንገሩን ሥራ ደወሉ ወሰደው። ጨዋታው በዚህ አለፈ፤ ሲያልፍም ምን እንደተስተካከለ የጠየቀኝ አልነበረም።

ስለዚህ መመሪያው የሚለውን ትታችሁ እኔን ስሙኝ። ብልጭታ መቀነሻውን በሜኑ ውስጥ አትደብቁት፤ ጨዋታው ከመጀመሪያው የተረጋጋ ይሁን። ብዙ ሰዎች ብርሃን እንደሚጥላቸው የሚያውቁት በመጀመሪያው ቀን ከወደቁ በኋላ ነውና ማስጠንቀቂያ ጽሑፍ ለእነርሱ ምንም አይጠቅምም። የብልጭታ ምርመራውንም መመሪያው እንደሚለው ወደ መጨረሻ አታቆዩት፤ የመጀመሪያው እሳት ማያ ገጹ ላይ የነደደ ዕለት ጀምሩት፣ ሁልጊዜም ሁለት ተጫዋቾችን በሕንፃው ተቃራኒ ጫፎች አቁሙ። የላካችሁትን እያንዳንዱን ቅጂ ከነቪዲዮው አስቀምጡ፤ ገምጋሚው የእርሱን ባያሳያችሁ እንኳ የእናንተን ልካችሁ «በስንተኛው ፍሬም?» ብላችሁ እንድትጠይቁ።