ሲያጎነብሱ ነው ወይስ ዳገት ሲወጡ?

ሐሙስ ማታ ነው። ልጆቹ ተኝተዋል። እኔን እንቅልፍ እምቢ ብሎኛል።

ነገሩ የጀመረው ሰኞ ጠዋት ነው፣ የፋሲካ ማግስት። እንደምታውቁት የእኛ ሰፈር የውሃ ፈረቃ ሌሊት ነው። እሁድ ሌሊት ውሃ መጣች። በዓሉን ሙሉ የተከመረ ዕቃ ስለነበረ ስምንት ጀሪካን ሞላሁና ከግቢው ቧንቧ እስከ ኩሽና አመላለስኩ። አርብ ስቅለት ደግሞ እስከ ማታ ስሰግድ ነው የዋልኩት። እንደዚያ ከሰገድኩ ስንት ዓመቴ ነው። ቅዳሜ ጭኔን፣ ወገቤን፣ ትከሻዬን ሁሉ አመመኝ። ያ አልገረመኝም፤ የስግደት ድካም ደስ ይላል። ሰኞ ጠዋት ግን ወለሉ ላይ የቀረውን ጀሪካን ላነሳ ጎንበስ ስል ግራ ደረቴን ወጋኝ። በወስፌ የተወጋሁ ነው የመሰለኝ። ትንፋሼ ቁርጥ አለ። ቀና ስል ተወኝ። ልሞክረው ብዬ እንደገና ጎንበስ አልኩ። እንደገና ወጋኝ።

ሁለት ቀን ፍርሃቴን ለማንም አልተናገርኩም። በግራ ጎን ያለ ሕመም ሲሆን ሰው መጀመሪያ የሚያስበው አንድ ነገር ነው። ያንን ቃል ጮክ ብሎ መናገር ደግሞ ያስፈራል። ጫማ ሳስር ወጋኝ። አልጋ ላይ ስገላበጥ ወጋኝ። ሳስነጥስ እንባዬ መጣ። ጎረቤታችን እትዬ ደረቴን ይዤ አይተውኝ «ምች ነው ልጄ፣ ዳማከሴ ጨምቂበት» አሉኝ። ታናሽ እህቴ በስልክ «ብርድ መቶሽ ይሆናል» አለች። ረቡዕ ጠዋት ከመደርደሪያ ዳቦ ላወርድ ስዘረጋ ትንሿ ልጄ ፊቴን አየችው። «እማ፣ ምን ሆንሽ?» አለች። ዘጠኝ ዓመቷ ነው። ድምጿ ውስጥ የነበረው ፍርሃት ነው ሐኪም ቤት የወሰደኝ።

ዶክተሯ ወጣት ናት። ቸኩላ አልነበረም፤ እሱ ራሱ ግማሽ መድኃኒት ነው። መጀመሪያ «የሚያምዎትን ቦታ ያሳዩኝ» አለችኝ። በአንድ ጣቴ አሳየኋት። ጣቴን አየችና ማስታወሻዋ ላይ የሆነ ነገር ጻፈች። ቀጥላ ጠየቀችኝ።

«ሲያጎነብሱ ነው ወይስ ዳገት ሲወጡ?»

«ሳጎነብስ።»

«ዳገት ሲወጡስ? ደረጃ?»

«ምንም አይለኝም።»

ከዚያ አውራ ጣቷን ከደረቴ አጥንት ጠርዝ ጀምራ ወደ ታች አንድ በአንድ እየተጫነች ወረደች። አንደኛው ምንም። ሁለተኛው ትንሽ። ሦስተኛው ጋ ስትደርስ ጮህኩ። «ይኸው፣ ይሄ ነው» አለች።

የጎን አጥንቶቻችን የደረቱን አጥንት በቀጥታ አይነኩትም። መሀል ላይ የአፍንጫችን ጫፍ ላይ እንዳለው የመሰለ ለስላሳ አጥንት አለ። ደረታችን በየትንፋሹ ከፍ ዝቅ እንዲል የሚያግዘው እሱ ነው። ያ መገናኛ በከባድ ሸክም፣ በብዙ መጎንበስና መነሳት፣ አንዳንዴም በከረመ ሳል ይቆጣል። ምክንያቱ የማይታወቅበትም ጊዜ አለ። አንዴ ከተቆጣ መጎንበሱም፣ መጠምዘዙም፣ በጥልቀት መተንፈሱም ያማል። ጣት ሲያርፍበት ደግሞ እንደ እኔ ያስጮሃል። ስግደቱና ጀሪካኑ ተባብረው ነው እንግዲህ።

ያም ሆኖ ኢሲጂ፣ ማለትም የልብ ምርመራ፣ አነሳችኝ። ሲጫኑት ማመሙ ብቻውን ልብን ነፃ አያወጣም አለችኝ። የማሽኑን ገመዶች ስድስት ደረቴ ላይ፣ አራት እጅና እግሬ ላይ ለጠፈችና ውጤቱ የሚታተምበት ወረቀት መውጣት ጀመረ። እየጠበቅን ሳለ ሌላ ምን ሊሆን ይችል ነበር ብዬ ጠየቅኳት። ደስ ብሏት ነገረችኝ። ለእናንተም የምጽፈው ስለሚጠቅም ነው።

ከምግብ በኋላ ጎንበስ ሲሉ ከሆድ ወደ ጉሮሮ እያቃጠለ የሚወጣ ከሆነ ቃር ነው። የጨጓራ አሲድ ወደ ላይ ሲመለስ። ሲተኙም ይብሳል። ልባችን የተጠቀለለበት ስስ ከረጢት ሲቆጣ ግን ነገሩ ይገለበጣል። በጀርባ ሲተኙ ያማል፤ ወደ ፊት ዘንበል ብለው ሲቀመጡ ይቀላል። በእኛ አገር ለዚህኛው አንዱ ምክንያት ቲቢ ስለሆነ ፈጥኖ መታየት አለበት። ትኩሳትና ሳል አብሮት ካለ ሳንባ ይታያል፣ ራጅ ይነሳል። ከረጅም ጉዞ ወይም ከቀዶ ጥገና በኋላ አንድ ባት አብጦ ድንገት ትንፋሽ ካጠረ ሳንባ ውስጥ የገባ የደም መርጋት ሊሆን ይችላል፤ ያ ለነገ አይባልም። በአንድ ጎን ብቻ እንደ ቀበቶ ዞሮ የሚያቃጥል ሕመም ደግሞ አለ። ቆዳው ላይ ምንም ሳይታይ ይጀምርና ከቀናት በኋላ ውሃ የቋጠረ ሽፍታ ይወጣል። አልማዝ ባለጭራን ማን ያጣዋል፤ ሽፍታው ሳይወጣ በፊት እንደሚያም ግን አላውቅም ነበር። ስለ ልጆችም ጠየቅኳት፤ ትልቁ ልጄ ተጎንብሶ ስልኩን ሲያይ አንዳንዴ «ወጋኝ» ይላል። ጎበጥ ብለው ሲቀመጡ ድንገት ወግቶ በጥቂት ደቂቃ ውስጥ የሚጠፋ ውጋት ልጆችና ወጣቶች ላይ የተለመደ ነው፤ ጉዳት የለውም አለችኝ።

ወረቀቱ ደህና ሆኖ ወጣ። የሚቀባ ነገርና ከምግብ በኋላ የሚዋጥ ማስታገሻ አዘዘችልኝ። ለጥቂት ሳምንት ከባድ ዕቃ እንዳላነሳ ነገረችኝ። ልወጣ በሩን ስይዝ ነው የጠየቅኳት። «ዳገት የጠየቅሽኝ ለምንድን ነው?»

«ልብ የሚያመው ሲሠራ ነው» አለችኝ። «የልብ ደም ሥር ሲጠብ፣ ዳገት ላይ ወይም ሲቸኩሉ ልብ የሚበቃውን ደም አያገኝም። ያኔ ደረት ላይ ድንጋይ የተጫነ ይመስላል። ሰውየው ቆም ሲል ይተወዋል። ብዙዎቹ በጣት አያሳዩኝም፤ በመዳፋቸው ወይም በጭብጣቸው ነው የሚያሳዩኝ።»

ቆም ሲል ይተወዋል። ከሐኪም ቤቱ ወጥቼ ታክሲ እስክይዝ ድረስ ይህ ዓረፍተ ነገር ጭንቅላቴ ውስጥ ነበር። ታክሲው ውስጥ አባባ ትዝ አለኝ።

በመጨረሻዎቹ ሁለት ዓመታት እሁድ እሁድ ከቤተ ክርስቲያን መልስ ቁርስ በልተን አክስቴ ጋ እንሄድ ነበር፤ ከስድስት ኪሎ ወደ ሽሮ ሜዳ፣ በእግር። መኪና አይወድም። ያ መንገድ ዳገት መሆኑ የሚታወቀው በእግር ሲሄዱት ነው። አባባ ሦስት አራት ጊዜ ይቆም ነበር። የሀበሻ ልብስ ሱቆቹ ጋ ሲደርስ ቆሞ የተሰቀለውን ቀሚስ ያያል። ጥለቱን በጣቶቹ ይዳስሳል። ዋጋ ይጠይቃል፣ «በርቱ» ብሎ ያልፋል። ቀኝ እጁን ነጠላው ውስጥ እንደከተተ ነው የሚቆመው። እኔ መሶቡን ይዤ እጠብቀዋለሁ። አንዳንዴ እቸኩልበታለሁ። «አባባ፣ ዛሬም ልትገዛ ነው?» እለው ነበር። ፈገግ ይላል እንጂ አይመልስም።

አንድ ቀን ብዙ ከመቆሙ የተነሳ ባለሱቋ አፍራ ዋጋ ቀነሰችለት። እሱም አፍሮ ለእማዬ ነጠላ ገዛላት። ዛሬም አለ።

ጨጓራዬ ነው ይል ነበር። ጠዋት ጠዋት ተልባ ይጠጣል። ያገሳና «ቀለል አለኝ» ይላል። የጨጓራ መድኃኒትም ታዞለት ነበር። እኛ አማርኛ ስናወራ ለጨጓራውም ለደረቱም ሕመም ብዙ ጊዜ «ልብ» ነው የምንለው። «ልቤን አቃጠለኝ» ይላል ሰው፤ እጁን የሚያሳርፈው ግን ሆዱ አፍ ላይ ነው። አባባም «ልቤን» ሲል ማንም አልደነገጠም። የት እንደሚያመው ጠይቀነዋል። ምን እንደበላ ጠይቀነዋል። መቼ እንደሚያመው የጠየቀው ግን የለም። ስኳር ነበረበት። ስኳር ያለበት ሰው የልቡ ሕመም ደብዝዞ ሊሰማው እንደሚችል ያነበብኩት ገና ትናንት ማታ ነው። አንድ ንጋት ላይ፣ ውዳሴ ማርያሙን ሳይጨርስ ሄደ። ዘጠኝ ዓመት ሆነው። «ድንገተኛ ነው» ተባለ። እኛም ለቀስተኛ ሁሉ ያንኑ መለስን።

ትናንት ማታ ስልኬ ላይ ሳነብ አመሸሁ። ዊሊያም ሄበርደን የሚባል እንግሊዛዊ ሐኪም አለ። በፈረንጆቹ 1768 ለንደን ላይ ለሙያ ባልደረቦቹ ስለ አንድ የደረት ሕመም አነበበላቸው፤ በ1772 ታተመ። እኛ ጋ ዘመነ መሳፍንት በሚጀምርበት ሰሞን ማለት ነው። ሕመሙ ሰውን የሚይዘው ሲራመድ ነው ይላል። በተለይ ከበላ በኋላ፤ በኋላ በወጣው መጽሐፉ ደግሞ ዳገት ሲወጣ የሚለውን ጨመረበት። ቀጥ ብሎ ሲቆም ይጠፋል። አባባን ያየው ይመስል። ሁለት መቶ ሃምሳ ዓመት ሙሉ ተጽፎ የተቀመጠ ነገር ነው። እኔ መሶብ ይዤ ከጎኑ ቆሜ አላየሁትም።

ቤታችሁ ውስጥ «ጨጓራዬ ነው» የሚል ትልቅ ሰው ካለ፣ እባካችሁ መቼ እንደሚያመው ጠይቁት። ሲራመድ ነው? ሲያርፍ ይተወዋል? ወደ መንጋጋው፣ ወደ ክንዱ ይሄዳል? እናቶቻችንን ደግሞ ስለ ሕመም ብቻ አትጠይቋቸው። ሴቶች ላይ ድካም፣ የትንፋሽ ማጠር፣ ማቅለሽለሽ ብቻ ሆኖ ሊመጣ ይችላል። አረፍ ተብሎም የማይለቅ፣ ላብ የሚያሰምጥ የደረት ጭነት ከሆነ ደግሞ ዳማከሴም ተልባም አያስፈልግም። በዚያው ሰዓት ሐኪም ቤት ነው።

ዛሬ አመሻሽ ላይ እማዬ ጋ ደወልኩ። ስለ በዓሉ አወራን፣ ስለ ዶሮ ዋጋ አወራን። ከዚያ እንደዋዛ፣ «እማዬ፣ አባባ ሽሮ ሜዳ ዳገቱ ላይ ለምን ነበር የሚቆመው?» አልኳት።

ትንሽ ዝም አለች። «ጥለት ይወድ ነበራ። የሸማኔ ልጅ መሆኑን ረሳሽው? አባቱ ጋ ክር እያዞረ ነው ያደገው። ጥሩ ሥራ ካየ እግሩ አይሄድለትም» አለችኝ።

«ሕመም ነበረው እንዴ ያኔ? ሲራመድ?»

«ለእኔ ያለኝ ነገር የለም።» እንደገና ዝም አለች። «አንቺ ግን ደረትሽን አሞሻል አሉኝ። እንዴት ሆነሽ?»

ደረቴን ረስቼው ነበር። እውነቴን ነው። ከትናንት ጀምሮ ስንት ጊዜ ጎንበስ እንዳልኩ፣ ወግቶኝ እንደሆነም እንኳን አላስታውስም። «ደህና ነኝ፣ ስግደቱ ነው» አልኳት። መረቀችኝና ስልኩን ዘጋን።

እማዬ ያለችው እውነት ሊሆን ይችላል። ጥለት ሲያይ ዓይኑ እንዴት እንደሚበራ አስታውሳለሁ። ያ የውሸት አልነበረም። እንደዚያ ቢሆን ምንኛ ደስ ባለኝ። አባቴ በሕይወቱ የመጨረሻ እሁዶች ላይ የአባቱን ሙያ እየዳሰሰ ዳገት ይወጣ ነበር ብዬ ባስታውሰው።

ግን ሱቆቹ ጋ ሳንደርስ በፊት፣ ዳገቱ መሀል ላይ አንድ ረጅም ግንብ አለ። ሱቅ የለበትም። የሚሸጥ ነገር የለም፣ የተሰቀለ ልብስ የለም። ባዶ ድንጋይ ነው። አባባ እዚያም ይቆም ነበር። እጁን ነጠላው ውስጥ ከትቶ፣ ፊቱን ወደ ግንቡ አዙሮ።

እዚያ ጋ ምን ያይ ነበር?