ከመንዝ ደጋ እስከ ሸዋ ሮቢት ቆላ

ጣርማ በር ላይ አንደኛው መንገድ በዋሻው ሾልኮ ወደ ደብረ ሲና ቁልቁል ይወርዳል። እኔ የያዝኩት ሌላኛውን፣ ደጋውን ይዞ ወደ መንዝ የሚዘልቀውን ነው። ወሩ ኅዳር ነበርና ሣሩ ላይ የጣለው ውርጭ ረፋድም ላይ አልቀለጠም።

ከ3,000 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ለግንባታ የሚሆን እንጨት እንደ ልብ አይገኝም፤ ድንጋይ ግን ሞልቷል። ያረፍኩበት ቤት ግድግዳ በጭቃ እየተያያዘ የተካበ ድንጋይ ነው። በሩ ላይ ቆሜ ውፍረቱን በክንዴ ስለካው አልፎ ተረፈ። ቀን የሞቀው ድንጋይ ሌሊት ሙቀቱን ቀስ በቀስ ይለቃል። መስኮት የለውም፤ በሩም ዝቅ ያለ ስለሆነ ጎንበስ ብዬ ገባሁ፤ ነፋሱ ውጭ ቀረ። ከብቶቹ ከታች፣ ሰው ከላይ ቆጡ ላይ ያድራል፤ የከብቶቹም ሙቀት ሽቅብ ይወጣል።

ከሁሉ ያስደነቀኝ ክዳኑ ነው። ወፍራም የጓሳ ሣር ነው፤ ከውስጥ ቀና ብዬ ሳየው በጢስ ጠቁሮ ቅባት የጠጣ ቆዳ መስሏል። የኩበቱ ጢስ ዓይን ይለበልባል፣ ለሳንባም አይበጅም፤ ሣሩን ግን ከእርጥበትና ከተባይ ይጠብቀዋል። ጓሳውም ባሻ ጊዜ አይታጨድም፤ አባቶች ባቆሙት ሥርዓት ለዓመታት ተከልሎ ይቆይና ሲፈቀድ ብቻ ነው።

ያሳደሩኝ እማማ ልጅ የሠራው አዲስ ቤት ግን ቆርቆሮ ለብሷል። «ቆርቆሮውስ ያምራል፣ እሳትም አይፈራ» አሉኝ እማማ። «ሌሊቱን ግን ያንዘፈዝፋል ልጄ፤ ጠዋት ደግሞ ያንጠባጥባል።» ጤዛው ነው፤ ከውስጥ የሚወጣው ትንፋሽ ቀዝቃዛው ብረት ላይ ውኃ ሆኖ ይወርዳል።

ስመለስ በደብረ ሲና በኩል ወደ ሸዋ ሮቢት ወረድኩ። ከፍታው 1,300 ሜትር ገደማ ነው፤ ጋቢዬን አውልቄ ያዝኩት። እዚህ ያየኋቸው የገጠር ቤቶች ግድግዳቸው ስስ እንጨትና ጭቃ ነው፤ ማድቤቱማ ሳይመረግ ስለተተወ ነፋስ በእንጨቱ መሐል ያልፋል። ሰዉ ቀኑን የሚያሳልፈው ደጅ፣ ከዳስ ጥላ ሥር ነው።

መንገድ ዳር የተሠሩት የብሎኬት ቤቶች ግን መንዝ ካየኋቸው አዳዲሶቹ ጋር አንድ ናቸው፤ ያው ስስ ግድግዳ፣ ያው ቆርቆሮ። ደጋው ላይ ያበርዳሉ፣ ቆላው ላይ ይጠብሳሉ። ይህ ያስቆጨኛል። ደጋው ላይ ድንጋዩ አይተው፣ ከቆርቆሮውም ሥር ኮርኒስ ይግባ፤ ቆላው ላይ በረንዳው ይስፋ፣ ከግድግዳው አናትም አየር መውጫ ይተውለት።