«ዓይን አውጣ» ተብሎ የተጻፈባት ልጅ

የሥራ አፈጻጸም ቅጾችን እያየን ነበር። አንዲት ወጣት ባልደረባችን ጋ ስንደርስ፣ የቅርብ አለቃዋ አስተያየት ላይ «ዓይን አውጣ ናት» ብሎ ጽፏል። ሌላ ምንም የለም።

ምን እንዳደረገች ሁላችንም እናውቃለን። የደከመችበትን ሪፖርት አንድ የሥራ ጓደኛዋ በራሱ ስም አቀረበው። እሷም ስብሰባው ላይ እጇን አውጥታ፣ «ይቅርታ፣ ይህን ያዘጋጀሁት እኔ ነኝ። ስሜ ለምን አልተጠቀሰም?» አለች። ድምጿን እንኳ ከፍ አላደረገችም።

ሪፖርቱን በስሙ ያቀረበውን ልጅ ቅጽ ገለጥኩ። ያው አለቃ «ደፋር ነው፣ በራሱ ይተማመናል» ብሎለታል።

በጣም ተናደድኩ። አማርኛ እኮ እዚህ ላይ ቃል አያጥረውም። ስናደንቅ ልበ ሙሉ፣ ቆራጥ እንላለን። ስንነቅፍ ዓይነ ደረቅ፣ ፈጣጣ፣ ኀፍረተ ቢስ አለ። ሁሉም ግን አንድ አይደሉም። ይሉኝታ ቢስ «ሰው ምን ይለኛል» የማይል ነው፤ ጥፋት ላይኖርበትም ይችላል። ጋጠወጥ ሥርዓት የሌለው ነው። ዓይኑን በጨው አጥቦ የመጣ ደግሞ ጥፋቱ እየታወቀ ፊት ለፊት የሚክድ ነው። «ደፋር» በሁለቱም በኩል ይሄዳል። ስናመሰግንም ስንቆጣም «አንተ ደፋር!» እንላለን፤ የሚለየው ድምፃችን ነው። ወረቀት ላይ ግን ድምፅ የለም። ቅጹ ማኅደሯ ውስጥ ይቀመጣል፤ ነገ ለዕድገት ስትወዳደር ስብሰባውን ያላየ ሰው ያነበዋል።

አብረውን የሚሠሩ አንዲት አንጋፋ ሴት አለቃዋን አስጠሩት።

«ልጄ፣ ዓይን አውጣ የሚባለው አጥፍቶ የማያፍር ነው። እሷ ምን አጠፋች?»

«ሰው ፊት አዋረደችን» አለ።

«ያዋረዳችሁማ የሰው ሥራ የወሰደው ነው።»

ዝም አለ። እኔም ቅጹን መለስኩለትና፣ ስም መለጠፉን ትተህ የሆነውን ጻፍ አልኩት። እዚያው ቁጭ ብሎ፣ «የሠራችው ሪፖርት በሌላ ሰው ስም ሲቀርብ በስብሰባው ላይ በጨዋነት ጠየቀች» ብሎ ጻፈ።

የልጁ ላይ ግን አንገራገረ። «ደፋር» የምትለዋን ሰርዞ፣ «ሪፖርቱን ያቀረበው ያዘጋጀችውን ሳይጠቅስ ነው» ብሎ የፈረመው በማግስቱ ነው።