ጣት ሲቆጥር
ዛሬ የ11ኛ ክፍል ተማሪዎቼን ይዤ ከእንጦጦ ግርጌ፣ ሽሮ ሜዳ ወደሚገኝ አንድ የሸማኔ ቤት ሄድኩ። ከዶርዜ የመጡት አዛውንት ሸማኔ እግራቸውን ጉድጓዱ ውስጥ አድርገው መወርወሪያውን ሲያመላልሱ፣ አንዲት ተማሪ የጥለቱ ግራና ቀኝ እኩል መሆኑን አስተውላ፣ «አባባ፣ ሳይለኩ እንዴት ልክ ይመጣል?» ስትል ጠየቀቻቸው።

እጇን ይዘው በተወጠረው ድር ላይ አሳረፉትና፣ «ጣቴ ነው የሚቆጥረው፣ ልጄ» አሏት። ዓይኗን ጨፍና ክሩን አንድ በአንድ ስትዳስስ ቤቱ ጸጥ አለ። ስንት ጊዜ በጠመኔ የሣልኩላት ሲሜትሪ (የግራና ቀኝ መመሳሰል) ያን ጊዜ እንደገባት ከፊቷ አነበብኩ።

እንዲህ ያሉ መምህራን በሰፈራችን እያሉ ልጆቻችንን በአራት ግድግዳ መካከል ብቻ ማስተማራችን ከልብ ያሳዝነኛል። ስንወጣ ልጅቷ ወደ ኋላ ቀርታ፣ ቅዳሜ ተመልሳ መምጣት ትችል እንደሆነ ትጠይቃቸው ነበር።