የጋሼ ሴክስታንት

ዛሬ የጋሼ አርባ ወጣ። ለቀስተኛው ሲበተን የእንጨት ሳጥናቸውን ከፍተን ሴክስታንታቸውን፣ ባሕር ላይ ፀሐይ ከአድማስ ምን ያህል ከፍ እንዳለች የሚለኩበትን መሣሪያ፣ አወጣነው። ናሱ ጠቁሯል፤ መስታወቶቹ ግን ጥርት እንዳሉ ናቸው። በጣታቸው ነክተዋቸው አያውቁም፣ ሁሌ በለስላሳ ጨርቅ ነበር።

ከአሰብ የሚነሱ የንግድ መርከቦቻችንን በመሩበት ዘመን ጂፒኤስ የለም። ቀትር ሲቃረብ ጥቁሩን መስታወት ደርበው የፀሐይን የታች ጠርዝ ከአድማሱ ጋር ያገናኛሉ። መውጣቷን ትታ ቆም ስትል ዲግሪውን ያነባሉ። አርመው ከ90 ይቀንሱታል፤ ከዚያ የዕለቱን የፀሐይ ዲክሊኔሽን፣ ማለትም ፀሐይ ከምድር ወገብ ወደ ሰሜን ወይም ወደ ደቡብ የራቀችበትን ዲግሪ፣ ከአልማናክ (ይህ በየቀኑ ከተሰላበት መጽሐፍ) አይተው እንደ ወቅቱ ይደምራሉ ወይም ይቀንሳሉ። ኬክሮሱ ተገኘ። የ1 ደቂቃ (የዲግሪ አንድ ስድሳኛ) ስህተት 1,852 ሜትር ነው፤ ስለዚህ አስቀድመው ክንዱን ዜሮ ላይ አድርገው አድማሱ ሳይሰበር አንድ መስመር ሆኖ መታየት አለመታየቱን ይፈትሻሉ።

ቀይ ባሕር ላይ ይህም አይበቃም። የጋለው አየር ብርሃኑን ስለሚያጎብጠው አድማሱ ከቦታው ከፍ ወይም ዝቅ ብሎ ይታያል። ባብ ኤል መንደብ ሲደርሱ የዳርቻውን ፋኖሶች አቅጣጫ በኮምፓስ ደጋግመው የሚለኩት ለዚህ ነበር።

ሳጥኑ ክዳን ላይ በእርሳስ የጻፏት የመሣሪያው ጉድለት አሁንም ትነበባለች፦ «2 ደቂቃ፣ ይቀነስ»።

ነፍስዎን በገነት ያኑርልን፣ ጋሼ።